ከፎጣው ሥር የተሰጠ ምክር

ሮስኮ ቲንስሊ ሕግ ተምሮ አያውቅም። ዕድሜውን የፈጀው የተማሪዎች አውቶቡስ ሲነዳ ነው። ሆኖም በጆርጂያዋ ትንሽ ከተማ በሄዘርተን አንድ ሰው ከጎረቤቱ፣ ከአከራዩ ወይም ከቀድሞ ሚስቱ ጋር ሲጋጭ መጀመሪያ የሚሮጠው ጠበቃ ዘንድ ሳይሆን ወደ ክላይድ ማፕ ፀጉር ቤት ነው። ሮስኮ እዚያ፣ መስኮቱ ሥር ባለችው የተላላጠች የቆዳ ወንበር ላይ፣ እግሩን አነባብሮ ይገኛል። ሰዎቹ ሰላምታውን ሳይጨርሱ ጉዳያቸውን ይጀምሩለታል፤ እሱ ደግሞ ጉዳያቸውን ሳይጨርሱ መልሱን ይጀምርላቸዋል።

ይህን ሁሉ ሕግ ከየት አመጣው ለሚል ሰው፣ ነገሩ እንዲህ ነው። በጎልማሳነቱ አንድ ጊዜ ለጁሪ፣ ማለትም ችሎት ተቀምጠው ለሚፈርዱ ተራ ዜጎች ምርጫ፣ ፍርድ ቤት ተጠርቶ ነበር። ጠዋት ሄዶ፣ የእንጨት አግዳሚ ላይ ቁጭ ብሎ፣ የቀዘቀዘ ቡና ጠጥቶ፣ ስሙ ሳይጠራ ለምሳ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ያቺ ግማሽ ቀን ግን እያደር አደገች። መጀመሪያ «ጁሪ ላይ ሳለሁ» ይል ጀመር፤ ቆይቶ «እኛ ስንፈርድ» ሆነ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ቀይ መብራት ጥሰሃል ተብሎ የተከሰሰ ዕለት ከሳሹ ፖሊስ ታሞ ስለቀረ ጉዳዩ ተዘጋለት። ሮስኮ ይህንን «ተከራክሬ የረታሁት» ይለዋል። ከዚያ ወዲህ በከተማው የሚጠራው «ዳኛው» ተብሎ ነው። ስሙን ያወጣለት ክላይድ ነበር፤ ያወጣለትም ለማሾፍ ነው። ሮስኮ ግን እንደ ሹመት ተቀበለው።

ምክሩ ብዙ ጊዜ ልክ አይመጣም። መርቪን የሚባል ቀለም ቀቢ፣ መንገድ ዳር የቆመ ተቀምጠውበት የሚነዱት የሣር ማጨጃ አግኝቶ ምን ላድርግ ቢለው፣ «ያገኘ አገኘ፤ ሕጉ ይኸው ነው፤ ንዳው» አለው። መርቪን ማጨጃውን እየነዳ በዋናው ጎዳና ሲሄድ፣ ነዳጅ አልቆበት ጄሪካን ይዞ ከሄደው ባለቤት ጋር ፊት ለፊት ተገናኘ። የሸሪፉ ምክትል ባይደርስ ኖሮ ነገሩ በሳቅ አያልቅም ነበር። የእህቱ ልጅ ኬንድራ ደግሞ ሠርጓ ሊደርስ ሲል እጮኛዋን ተወችውና መጣች።

«አጎቴ፣ የሰጠኝን ቀለበት መመለስ አለብኝ?»

«ቀለበቱ የት ነው ያለው?»

«ጣቴ ላይ።»

«ጣቱ የማን ነው?»

«የእኔ።»

«በቃ፣ ጉዳዩ ተዘግቷል» አላት።

ኬንድራ ደስ ብሏት ሄደች። በኋላ እውነተኛ ጠበቃ ብትጠይቅ፣ ሠርጉ ካልተደረገ የቃል ኪዳን ቀለበት በአብዛኛው ለሰጪው እንደሚመለስ ነገራት፤ አውልቃ ሰጠች። ለአጎቷ ስትነግረው ቅንድቡን እንኳ አላነሳም። «ጠበቃው ጣትሽን መች አየው» አላት።

ታዲያ ሰው ለምን ይጠይቀዋል? ጠበቃው ያለው በመኪና ራቅ ብሎ ነው፤ ሲያገኙትም አገጩን እያሻሸ ይህም አለ ያም አለ ይላል። ሮስኮ አንድም ቀን አገጩን አሽቶ አያውቅም። ተጨንቆ የመጣ ሰው ሁሉ ደረቱን ነፍቶ ይመለስለታል። ደረቱ እስኪተነፍስ ድረስ ያለችው ጊዜ ደግሞ ጥሩ ጊዜ ናት።

ያስቀየመውን ሰው የሚክስበት ነገርም ነበረው። ከቤቱ ጀርባ አባቱ የተከሉት አንድ ትልቅ ዛፍ ቆሟል፤ እንደ ለውዝ የሚፈለፈል ፔካን የሚባል ፍሬ ይሰጣል። በመከር ወራት ፍሬው ሣሩ ላይ ሲረግፍ ሮስኮ ከሥሩ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ይሰበስባል፤ እየሰበረ ይፈለፍላል፤ በወረቀት ከረጢት እየሞላ ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች፣ ለአውቶቡስ ጋራዡ መካኒኮች፣ ለፀጉር ቤቱ ደንበኞች ያድላል። በምክሩ የተናደደ ሁሉ በፔካን ይታረቃል። መርቪን እንኳ ሁለተኛ ከረጢት ከተቀበለ በኋላ ስለ ሣር ማጨጃው ማንሳት ትቷል። የሮስኮ ሚስት ትታው ሳቫና ከተማ ከሄደች ቆይታለች፤ ልጅ የለውም። ሰው በሩን የሚያንኳኳው በአመዛኙ ለዚያ ዛፍ ፍሬ ነው። እሱም ያውቀዋል፤ ቅር አይለውም።

ከዛፉ ጀርባ ከሰው ቁመት በላይ የበቀለ የቁጥቋጦ አጥር አለ። ከአጥሩ ማዶ ያለው ቤት ፊቱን ወደ ሌላ መንገድ ያዞረ ነው፤ ለረጅም ጊዜም ሰው አልነበረበትም። ዛፉ ፀሐይዋን እየተከተለ ቅርንጫፉን አብዝቶ የዘረጋው ወደዚያው ወደ ባዶው ቤት ነበር። የሚከለክለው አልነበረም።

በሰኔ አንድ ትኩስ ጠዋት ቨርኔል ጋስኪንስ የምትባል ሴት ወደ ፀጉር ቤቱ ገባች። በዲትሮይት ሆስፒታሎች ነርስ ሆና ኖራ፣ ጡረታ ስትወጣ ወደ ተወለደችበት አገር የተመለሰች ናት። ያንን ባዶ ቤት የገዛችው እሷ ነበረች። ሮስኮ በዚያ ሰዓት መላጫው ወንበር ላይ ተንጋሎ፣ ፊቱ ከግንባሩ እስከ አገጩ በሞቀ ፎጣ ተሸፍኖ ነበር። እሷ ፊቱን አላየችም፤ እሱም እሷን።

«ሚስተር ማፕ፣ አሸንዳ የሚጠግን ሰው ይጠቁሙኛል?» አለች።

«አሸንዳው ምን ሆነ?» አለ ክላይድ ምላጩን እየሳለ።

«የሰው ዛፍ ሰበረብኝ። በጓሮ በኩል መጥቶ ጣሪያዬ ላይ ተኝቷል። ነፋስ በመጣ ቁጥር ቤቱን ይደበድበዋል። ባለቤቱ ማን እንደሆነ እንኳ አላውቅም። እንዳልቆርጠው ደግሞ ሕጉ ምን እንደሚል…»

«ሕጉ» የምትለው ቃል ከፎጣው ሥር ገባች።

«እህቴ» አለ ፎጣው።

ቨርኔል ዘወር አለች። ክላይድ በምላጩ ጫፍ ወደ ወንበሩ አመለከታት።

«እህቴ፣ ሕጉ ግልጽ ነው» አለ ሮስኮ፣ ድምፁን እንደ ሰባኪ አወፍሮ። «ድንበርሽን ያለፈ ቅርንጫፍ ያንቺ ጉዳይ ነው። እስከ ድንበሩ ድረስ ቁረጪው። ከድንበሩ ማዶ አንዲት ቅጠል እንዳትነኪ፤ ዛፉንም እንዳትገድዪው። ከዚያ ወዲህ ያለውን ግን ክላይድ የሰው ፀጉር እንደሚላጨው ላጪው።»

ክላይድ ሴትዮዋ የገዛችው ቤት የትኛው እንደሆነ ያውቅ ነበር። ከጀርባው የማን ዛፍ እንዳለም ያውቃል። «ዳኛው፣ ቆይ እስቲ…» ብሎ ጀመረ።

«ክላይድ፣ ሕግ ሲነገር አታቋርጥ።»

ክላይድ ምላጩን መሳሉን ቀጠለ። ትከሻው ግን በሳቅ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር።

«ባለቤቱን ማስፈቀድ አይኖርብኝም?» አለች ቨርኔል።

«እሱ ጣሪያሽን ሲደበድብ አስፈቅዶሻል?»

«መጥቶ ቢቆጣስ?»

«ይቆጣ። ቁጣ ማስረጃ አይሆንም። ሮስኮ ቲንስሊ ነው የነገረኝ በይው። ስሜን ሲሰማ የመጣበትን መንገድ ይመለሳል።»

ቨርኔል ለፎጣው አመስግና ወጣች። ክላይድ ፎጣውን ሲያነሳው የሮስኮ ፊት ቀልቶ፣ ጠግቦ እንደበላ ሰው ረክቶ ነበር። «ማን ነበረች?» አለ።

«አዲስ ሴትዮ ናት» አለ ክላይድ። «ዳኛው፣ አንድ ነገር ልንገርህ…»

«መጀመሪያ ጺሜን ጨርስ። አውቶቡስ አለብኝ።» ሮስኮ የዚያኑ ዕለት ሜከን ከተማ ወደምትኖረው እህቱ የሚሄድ ነበር። ክላይድ በልቡ፣ ሰው እንዲህ ቶሎ ዛፍ አይቆርጥም፤ ሲመለስ እነግረዋለሁ አለ።

ቨርኔል ግን ዕድሜዋን በሙሉ ዛሬ የሚደረገውን ለነገ አሳድራ የማታውቅ ሴት ነበረች።

ሮስኮ ከእህቱ ቤት የተመለሰው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ወጥ ቤት ገብቶ ውሃ ሊቀዳ ሲል መስኮቱ በራበት። እዚያ መስኮት ላይ ሰማይ ታይቶ አያውቅም። ብርጭቆውን አስቀምጦ ወደ ጓሮ ወጣ።

ዛፉ ቆሟል። በእሱ በኩል እንደ ጥንቱ ነው፤ ቅጠሉ ተንዠርግጎ፣ ጥላው ሣሩ ላይ ተኝቶ። በዚያ በኩል ግን አንድ ቅርንጫፍ የለም። አንድ ሰው ፀጉሩን ግማሹን ተላጭቶ ስልክ ተደውሎለት ከወንበሩ ተነስቶ የሮጠ ይመስላል። ሮስኮ አጥሩን ገለጥ አድርጎ ቁርጡን በእጁ ዳሰሰው። እርጥብ ነበር። አንዲት ቀንበጥ እንኳ ከድንበሩ ወዲህ አልተነካችም፤ በገመድ ለክተው የቆረጡት ነው። አባቱ ያንን ዛፍ ከትከሻቸው በማይበልጥበት ጊዜ ውሃ ያጠጡት እንደነበር ትዝ አለው።

ከዚያ ተናደደ። መኪና ማስነሳት እንኳ አልፈለገም፤ በእግሩ መንገዱን ዞሮ ሄደ። እየሄደ ክሱን ያዘጋጃል። ንብረት ማውደም። ያለ ፈቃድ መግባት። አልገቡም እንጂ ቢገቡ። በሩን ሲያንኳኳ ሦስተኛው ክስ ምን እንደሆነ እየፈለገ ነበር።

በሩን የከፈተችው አጭር፣ ፀጉሯ የሸበተ፣ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት።

«ምን ልርዳዎት?» አለችው።

«የዛፉ ባለቤት ነኝ» አለ ሮስኮ።

«ውይ። ከኋላ ያለው የእርስዎ ነው? ላገኝዎት ፈልጌ ማን እንደሆኑ የሚነግረኝ አጣሁ። በርዎንም ደጋግሜ አንኳኩቻለሁ፤ ሰው የለም።» ፊቷ ላይ እውነተኛ ሐዘን ታየ። ከዚያ ቀና አለች። «ግን ዝም ብዬ አይደለም የቆረጥኩት። ሕጉን ጠይቄ ነው።»

«ማንን ጠይቀሽ?»

«አዋቂ ሰው ጠይቄ። ሮስኮ ቲንስሊ የሚባሉ።»

ሮስኮ ባርኔጣውን ከራሱ አወለቀ።

«ያውቋቸዋል?» አለች ቨርኔል።

«…አውቀዋለሁ።»

«ታማኝ ሰው ናቸው?»

«ሰው እንደዚያ ይላል» አለ ሮስኮ በቀጭኑ።

«ስሜን ንገሪው ብለውኛል። ባለቤቱ ስሜን ሲሰማ የመጣበትን መንገድ ይመለሳል ነው ያሉት።»

ሮስኮ የመጣበትን መንገድ ተመለሰ።

በማግስቱ ፀጉር ቤቱ ዝግ ስለነበር ሰኞን ጠበቀ። ሲገባ ክላይድ አንድ ደንበኛ አንገት ላይ ማበጠሪያ ይዞ ነበር፤ የሮስኮን ፊት ሲያይ ማበጠሪያውን አስቀመጠ።

«አየኸው» አለ ክላይድ።

«ታውቅ ነበር?»

«ልነግርህ ነበር። አታቋርጥ አልከኝ። ቀጥሎ ጺሜን ጨርስ አልከኝ። ቀጥሎ አውቶቡስ አለብኝ አልክ።»

«ጓደኛ አይደለህም አንተ።»

«ጓደኛህማ ነኝ። ጓደኛህ ባልሆን በሳምንቱ ውስጥ ለከተማው ሁሉ እናገር ነበር። የነገርኩት ለሦስት ሰው ብቻ ነው።»

ወንበሩ ላይ ያለው ደንበኛ ሳቁን ለመዋጥ ሳል አስመሰለ። ሮስኮ ባርኔጣውን መልሶ አጠለቀ። «እከሳታለሁ» አለ።

«በምን ልትከሳት ነው? የሠራችውን አንተ ነህ ያዘዝካት።»

«ምክር ነው የሰጠሁት እንጂ መጋዝ አልሰጠኋትም።»

«ዳኛው፣ ይህን ነገር ቁጭ ብለህ አስበው። ብታሸንፍ ምክርህ ስህተት ነበር ማለት ነው። ምክርህ ልክ ከነበረ ደግሞ ትሸነፋለህ።»

ሮስኮ ይህን ባያስበው ኖሮ ጥሩ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ማሰብ ማቆም አልቻለም። ቢሆንም ከንዴቱ ይልቅ ሀፍረቱ ይገፋው ስለነበር ወደ ማጂስትሬት ፍርድ ቤቱ ሄዶ ክሱን አስገባ። እዚያ ትንንሽ ክርክሮች ያለ ጠበቃ ይሰማሉ።

መጥሪያውን የሸሪፉ ምክትል ለቨርኔል ይዞላት ሄደ። የከሳሹን ስም ስታነብ መነጽሯን አውልቃ ጠረገችው፤ እንደገና አነበበችው። ከዚያ በረንዳው ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ምክትሉ ግራ ገብቶት «እመቤቴ፣ ደህና ነዎት?» አላት። «ፎጣው ከሰሰኝ» አለችው። ምክትሉ ሴትዮዋን ሙቀት ነክቷታል ብሎ ውሃ አመጣላት።

የችሎቱ ቀን ክፍሉ ሞላ። ከተማው ውስጥ ሌላ የሚታይ ነገር አልነበረም። ዳኛዋ ኦዴሳ ክሩምሊ ገና ከመቀመጧ «የማስታውቀው ነገር አለ» አለች። «ተማሪ ሳለሁ ከሳሹ የሚነዱትን አውቶቡስ እሳፈር ነበር። ተከሳሽ ቅር የሚልዎት ከሆነ ጉዳዩን ሌላ ዳኛ ይየው።»

ቨርኔል ተነሳች። «ጥሩ ሹፌር ነበሩ?»

«ጥሩ ሹፌር ነበሩ። ወሬ ግን ያበዙ ነበር።»

«ቅር አይለኝም» አለች ቨርኔል።

ሮስኮ የእሑድ ሱፉን ለብሶ ነበር። ስለ አባቱ፣ ስለ ዛፉ፣ በየዓመቱ ስለሚያድለው ፍሬ ተናገረ። በመሃል «አንቺ ልጅ፣ አንቺም እኮ በልተሻል» ብሎ አመለጠውና «ክብርት ዳኛ» ብሎ አረመ። ዳኛዋ «በልቻለሁ። መዝገብ ላይ ይግባ» አለች።

ቨርኔል ፎቶዎቿን አቀረበች፤ የተሰበረውን አሸንዳ፣ የተሰነጠቀውን ጣሪያ፣ ቀያሹ የተከለውን ችካልና የተወጠረውን ገመድ። የእርሻ ባለሙያ መጥቶ ዛፉን እንዳየና ይድናል እንዳላትም አስረዳች። ከዚያ ምስክር አለኝ አለች፤ ክላይድ ማፕ ተነሳ። ሮስኮ ዘወር ብሎ ሲያየው ክላይድ ጣሪያ ጣሪያውን ያይ ነበር።

«የዚያን ዕለት ከሳሹ ምን አሉ?» አለች ዳኛዋ።

«እስከ ድንበሩ ላጪው አላት።»

«ማን እንደሆነች አላዩም?»

«ፎጣ ውስጥ ነበር።»

«እርስዎስ ዛፉ የማን እንደሆነ ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር፣ ክብርት ዳኛ።»

«ለምን አልተናገሩም?»

«ሕግ ሲነገር አታቋርጥ አለኝ።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ቀጥሎ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ ዳኛዋ ጠረጴዛውን በእስክሪብቶ እስክትመታ ድረስ። ከዚያ ወደ ሮስኮ ዞረች። ድምፅዋ ለስለስ ብሏል።

«ሚስተር ቲንስሊ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የዚያን ዕለት የሰጡት ምክር ልክ ነበር ወይስ ስህተት?»

ሮስኮ ሱፉ ውስጥ ላበው። ስህተት ነበር ቢል ዛፉ ይመለስለት ይመስል ልቡ አንዴ ወደዚያ ሄደ። መላው ከተማ ከኋላው ተቀምጧል። መርቪን ተቀምጧል። ኬንድራ ተቀምጣለች። ዕድሜውን ሙሉ የመለሰው መልስ ሁሉ እዚያ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ መሰለው።

«ልክ ነበርኩ» አለ።

«ልክ ነበሩ» አለች ዳኛዋ። «ተከሳሽ ከድንበሯ አላለፈችም፤ ዛፉንም አልገደለችም። መብቷ ነው። ክሱ ውድቅ ሆኗል።»

ሮስኮ እንደቆመ ቀረ። ተሸንፏል፤ ደግሞም ልክ ነበር ተብሏል። ፊቱ የትኛውን እንደሚያሳይ አጥቶ ግማሹ ፈገግ ሲል ግማሹ ሊያለቅስ ደረሰ።

«ክብርት ዳኛ» አለ በመጨረሻ፣ «ልክ ነበሩ ያሉኝ እሱም በጽሑፍ ይወጣል?»

«ይወጣል» አለች።

ውጭ፣ በፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ፣ ሰው እየሳቀ ትከሻውን እየመታው አለፈ። ቨርኔል ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ታቅፋ ጠበቀችው።

«ሚስተር ቲንስሊ፣ የዚያን ቀን ደጃፌ ላይ ቆመው ለምን እኔ ነኝ አላሉኝም?»

«አፈርኩ» አለ። ለራሱም ገረመው፤ ይህን ቃል መቼ እንደተናገረው አያስታውስም።

ቨርኔል ደረጃው ላይ ተቀመጠች። እሱም ከጎኗ ተቀመጠ። ከዚያ ነገረችው። እዚሁ አውራጃ፣ ልጅ እያለች፣ አውሎ ነፋስ ሲመጣ ከቤታቸው አጠገብ የነበረ ትልቅ የኦክ ዛፍ ጣሪያቸው ላይ ወደቀ። ወንድሟ ኢዝራ የተኛበት ክፍል ላይ ነው የወደቀው። ሞት አልወሰደውም፤ ግን ከዚያ ወዲያ ቀጥ ብሎ አልሄደም፤ ትምህርቱንም ተወ። «ቅርንጫፉ ጣሪያዬን ሲነካ እንቅልፍ አይወስደኝም» አለች። «ዲትሮይት ሳለሁ እንቅልፍ ነበረኝ። ለማረፍ መጥቼ እዚህ አጣሁት። ዛፍዎን ጠልቼ አይደለም።»

ሮስኮ ባርኔጣውን በጣቱ አሽከረከረ።

«ያን ጊዜ ብትነግሪኝ ኖሮ» አለ፣ «እኔው ራሴ መሰላል ይዤ እመጣ ነበር።»

«ልነግርዎት ጀምሬ ነበር። አላስጨረሱኝም።»

ይህ ቃል ከዳኛዋ ፍርድ ይልቅ ሮስኮን ያዘው። ወደ ቤቱ ሲሄድ ያሰበው ስለ ዛፉ አልነበረም። ኬንድራ ስለ ቀለበቱ ልትጠይቀው የመጣች ዕለት ዓይኗ ቀልቶ እንደነበር አሁን ትዝ አለው። ጣቷን ነው ያየው እንጂ ዓይኗን አላየም። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ደወለላትና «ያ ልጅ፣ እጮኛሽ የነበረው፣ ምን አድርጎሽ ነበር?» አላት። ኬንድራ ብዙ አወራች፤ እሱም ስልኩን ከጆሮ ወደ ጆሮ እያዘዋወረ እስከ መጨረሻው ሰማት።

የተቆረጠው እንጨት ቨርኔል ጓሮ ተከምሮ ነበር። ሥጋ ለማጨስ ከፔካን እንጨት የሚበልጥ እንደሌለ በሄዘርተን ሕፃን እንኳ ያውቃል። አንድ ቀን ሮስኮ አጥሩ ሥር ቆሞ ክምሩን ሲያይ ቨርኔል ከማዶ አየችው።

«እንጨቱስ የማን ነው?» አለችው። «ከእርስዎ ዛፍ ነው፤ የተቆረጠው ደግሞ በእኔ ወገን ነው።»

ሮስኮ ደረቱን ነፋ፤ ጣቱን አነሳ። ከዚያ ጣቱን አወረደ።

«አላውቅም» አለ። «አንቺ ምን ይመስልሻል?»

«ጎድን የሚጠብስበት ሰው ንብረት ነው የሚመስለኝ።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሮስኮ የበርሜል ምድጃውን እየጎተተ በመንገዱ ዞሮ መጣ። ክላይድ አንድ የአሳማ ጎድን በፌስታል ጠቅልሎ ተከተለ፤ ኬንድራ ጎመንና የበቆሎ ዳቦ ይዛ መጣች። መርቪን ሳይጠራ መጣ። ቨርኔል ከዲትሮይት ያመጣችውን ስልስ አውጥታ ጎድኑን ልትቀባ ስትል ሮስኮ እጇን ያዘ። «ይህ ስልስ አይደለም፤ ሽሮፕ ነው» አላት። «ስኳርና ኬቻፕ ነው ያጣበቅሽው።» እሷ ደግሞ የእሱን ቀምሳ «ይኸኛው በቀጥታ የባትሪ ውሃ ነው» አለች። እስከ ምሽት ተከራከሩ፤ አልተስማሙም። ጎድኑ ግን አልተረፈም። ጭሱ መንገዱን ዞሮ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ደርሶ ኖሮ፣ በማግስቱ ፓስተሩ ስብከቱን አቋርጦ ሮስኮን ለምን አልጠራችሁኝም አለው።

ፀጉር ቤቱ ውስጥ ሕጉ አልቆመም። ሰው አሁንም ይመጣል፤ ሮስኮ አሁንም ይመልሳል። ነገር ግን መልሱን ከመስጠቱ በፊት የሚጠይቀው በዛ። ቤትህ የት ነው፣ ጎረቤትህ ማን ይባላል፣ ነገሩ እንዴት ጀመረ፣ ምን ያስፈራሃል ይላል። አንዳንዱ ሰው ለአንድ ጥያቄ መጥቶ የልጅነቱን ሳይቀር ተናግሮ ይወጣል። ክላይድ ወንበሩን የሚይዝብኝ ሰው በዛ እያለ ያማርራል፤ ደንበኞቹም ዳኛው አርጅቷል፣ የድሮው ይሻል ነበር ይላሉ።

በመስከረም አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረ፤ ራዲዮኑ ነፋስ ከባሕሩ ወጥቶ እየመጣ መሆኑን ተናገረ። ሮስኮ በአጥሩ መሃል ራሱ በመጋዝ በከፈታት ቀዳዳ ሾልኮ የቨርኔልን የወጥ ቤት በር አንኳኳ። ፋኖስና የዶሚኖ ሳጥን ይዞ ነበር።

«ሕግ ልትነግረኝ ነው የመጣኸው?» አለችው። ከጥቂት ሳምንታት ወዲህ «እርስዎ» ማለቱን ትታዋለች።

«ዶሚኖ ልረታሽ ነው።»

መብራቱ ሲጠፋ ፋኖሱን ለኮሱ። ነፋሱ ዛፎቹን ሲያጎብጥ፣ የዝናቡ ድምፅ ጣሪያው ላይ ሲያይል፣ ቨርኔል በየመሃሉ ቀና ብላ ትሰማለች። የሚያንኳኳ ነገር አልነበረም። ሮስኮም አያወራም፤ ድንጋዮቹን እየደረደረ፣ ስትሰማ እየጠበቃት ይቆያል። እሷ ሦስት ጊዜ ረታችው። አራተኛውን እሱ ሊረታ ሲል ነፋሱ ጋብ አለ። ቨርኔል ተነስታ የኋላውን በር ከፈተች፤ ጣሪያዋን ከዳር እስከ ዳር ቃኘች፤ ዓይኗንም ወደ ተላጨው ዛፍ አሳረፈች። ከግንዱ ጎን አንዲት ቀጭን አዲስ ቀንበጥ ወጥታ በዝናቡ ትወዛወዛለች።

«ደህና ነው» አለች።

«እንግዲያስ ተቀመጪ» አላት ሮስኮ። «ተራው ያንቺ ነው።»